ወፍራም፣ ወፈር ያለ፣ ዳጎስ ያለ፣ ግዙፍ፦ የትኛው ለየትኛው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሱት አብዛኛውን ጊዜ ጀማሪ ጸሐፊዎች፣ ተርጓሚዎችና ልጆቻቸውን በውጭ አገር አማርኛ የሚያስተምሩ ወላጆች ናቸው። የሁሉም ችግር ተቀራራቢ ነው፤ መጽሐፉም፣ ወጡም፣ ሰውየውም፣ ጭሱም “ወፍራም” ይሆንባቸዋል። አማርኛ ግን ቃሉን የሚመርጠው ነገሩን አይቶ ነው።

“ወፍራም” እና “ወፈር ያለ” ያው አይደሉም?

አይደሉም። “ወፍራም” ቁርጥ ያለ ፍርድ ነው። “ወፈር ያለ” ከመካከለኛው አለፍ ብሎ ወፍራም ለመባል ያልደረሰውን ይይዛል። “በመጠኑ” ወይም “ጥቂት” የሚል ቃል መጨመር ሳያስፈልግ ግሡን አለዝቦ ከ“አለ” ጋር ማጣመር ብቻ ይበቃል፦ ከበደ ካለው ከበድ ያለ፣ ከረዘመ ረዘም ያለ፣ ከቀጠነ ቀጠን ያለ፣ ከገዘፈ ገዘፍ ያለ ይወጣል። ካፌ ገብቶ ማኪያቶ የሚያዝ ሰው ሁሉ ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። “ጠቆር ያለ” ያለው ሰው ጥቁር ቡና አላዘዘም፤ “ነጣ ያለ” ያለውም ወተት ብቻ ይምጣልኝ አላለም።

ሲነገር መካከለኛው ፊደል ይጠብቃል፤ “ወፈር” ውስጥ “ፈ” ጠብቆ ነው የሚነበበው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ልጅን በጽሑፍ ብቻ ማስተማር አይበቃም፤ ጮክ ብሎ ማሰማት ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከተል አንድ የአርታኢ ምክር አለ። “በጣም ወፈር ያለ” የሚል ሐረግ ሲያጋጥመኝ “በጣም”ን እሰርዛለሁ፣ ካልሆነም “ወፍራም” አደርገዋለሁ። በአንድ እጅ ቀንሶ በሌላው መጨመር አንባቢን ያወዛግባል። “ትንሽ ወፈር ያለ” ስሕተት አይደለም፤ ሰው በንግግር ይለዋል፤ በጽሑፍ ግን “ትንሽ” የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው።

“ውፍር ያለ” የሚባልስ አለ?

አለ፤ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ ነው። “ወፈር ያለ” ልኩን ሲቀንስ “ውፍር ያለ” ያጠነክረዋል፣ ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንደተፈጸመ ይናገራል። እዚህ የሚጠብቀው መጨረሻው ፊደል ነው። “ሰበር አለ” እና “ስብር አለ” የሚሉትን ብታነጻጽሩ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል፤ የመጀመሪያው ጎንበስ ወይም ሸብረክ ያለ ነገር ነው፣ ሁለተኛው ግን ለሁለት የተከፈለ ነው። “ቀጠን ያለች” እና “ቅጥን ያለች” ላይም እንዲሁ። በጽሑፍ የሚለያያቸው የፊደሎቹ ቅርጽ ብቻ ስለሆነ የትየባ ግድፈት ትርጉሙን ከጫፍ ወደ ጫፍ ሊገለብጠው ይችላል።

የ“ወፍራም” ተቃራኒ “ቀጭን” ነው ወይስ “ስስ”?

ሁለቱም ናቸው፤ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የነገሩ ቅርጽ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ከግማሽ በላይ መንገድ ሄዷል ማለት ይቻላል።

ዘንግ የሚመስል ነገር፣ ማለትም ርዝመት ኖሮት ዙሪያው የሚለካ ሁሉ፣ ሲያንስ ቀጭን ነው፦ ክር፣ ገመድ፣ እንጨት፣ ጣት፣ ወገብ፣ የሰው ቁመና። ጠባብ መንገድም ቀጭን መንገድ ይባላል። ተዘርግቶ የሚነጠፍና ከላይ እስከ ታች የሚለካ ነገር ግን ሲያንስ ስስ ነው፦ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ እንጀራ፣ ቆዳ፣ ቆርቆሮ፣ የደመና ሽፋን። “ቀጭን ወረቀት” የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከውጭ ቋንቋ በችኮላ የተገለበጠ ነው። ፈሳሽ ደግሞ ከዘንጉ ወገን ይቆጠራል፤ ወጥ ይቀጥናል፣ ቡና ይቀጥናል፣ አይሳሳም።

ፀጉር ሁለቱንም ይቀበላል፤ ትርጉሙ ግን ይለያያል። “ቀጭን ፀጉር” ያልን እንደሆነ የነጠላው ዘለላ ጉዳይ ነው፤ “ፀጉሯ ሳስቷል” ያልን እንደሆነ ብዛቱ ቀንሷል፣ የራስ ቆዳ መታየት ጀምሯል ማለት ነው።

ወፍራም ግን ለዘንጉም ለተነጠፈውም ለፈሳሹም ያገለግላል። ለዚህ ይመስለኛል ሰው የሚሳሳተው፤ በወፍራም በኩል ያልተጠየቀውን ጥያቄ በቀጭን በኩል ሲጠየቅ ይደናገራል። ደግሞም “ቀጭን” የራሱ እንግዳ ሥራዎች አሉት። ቀጭን እመቤት ማለት የወገቧ ጉዳይ አይደለም፤ ሥራ የማይነካት፣ የተደላደለች እመቤት ማለት ነው። ቀጭን ትእዛዝ ደግሞ የማይታጠፍ ትእዛዝ ነው። ወፍራም ትእዛዝ የሚባል ነገር የለም።

“ዳጎስ ያለ” ለምን ለምን ይሆናል?

ለመጽሐፍ፣ ለጥራዝ፣ ለሰነድ፤ ከዚያም ለገንዘብ። “ዳጎስ ያለ መጽሐፍ” ሲባል ገጹ የበዛ፣ በእጅ ሲያዝ የሚሰማ መጽሐፍ ነው። “ወፍራም መጽሐፍ” ማለት አያስቀይምም፤ “ዳጎስ ያለ” ግን ከመጠኑ ጋር ክብርም ይጨምራል፣ ውስጡ ቁም ነገር እንዳለ ያስጠረጥራል። ስለዚህ የማይረባ ረጅም ሪፖርትን “ዳጎስ ያለ” ብሎ መጥራት ሳይታሰብ ማመስገን ሊሆን ይችላል። ለእንደዚህ ያለው “የተንዛዛ” ይሻላል።

በገንዘብ በኩል ዳጎስ ያለ ደመወዝ፣ ዳጎስ ያለ ሽልማት፣ ዳጎስ ያለ በጀት፣ ዳጎስ ያለ ጉርሻ እንላለን። ጋዜጦች ይህን ሐረግ እስኪሰለች ድረስ ይጠቀሙበታል። አማራጮች አሉ። “ጠርቀም ያለ” ከተለያየ ቦታ ተጠራቅሞ የተገኘ ገንዘብ ላይ ያምራል። “ረብጣ” ደግሞ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚጨበጥ የብር ኖት ክምር ነው፤ በባንክ ዝውውር የተላከን ገንዘብ “ረብጣ” ማለት ለእኔ ትንሽ ይጎረብጠኛል። “ወፍራም ደመወዝ” የመንገድ ቋንቋ ነው፤ በጓደኛ መካከል ያስኬዳል፣ በሥራ ቅጥር ማስታወቂያ ላይ ግን አያምርም።

“ዳጎስ” ብቻውን አይቆምም። እንደ “ወፈረ” ያለ ተራ ግሥ “ዳጎሰ” ሲባል አይሰማም፤ ሁልጊዜ “አለ”ን ተደግፎ ነው የሚመጣው። ሰውን “ዳጎስ ያለ” ማለትም አልተለመደም፤ ብትሉ ሰው ይገባዋል፣ ግን ይስቃል።

ሰውን ሳላስቀይም እንዴት ልግለጽ?

መጀመሪያ ምን ለማለት እንደፈለጋችሁ ለዩ፤ ስፋቱን ነው? ጥንካሬውን? ሥጋውን? ሆዱን? አማርኛ ለእያንዳንዱ የየራሱ ቃል አለው።

ትከሻው ሰፋ ያለ፣ አቋሙ የተስተካከለ ሰው “ደልዳላ” ወይም “ደልደል ያለ” ነው። ጡንቻው የሚታይ፣ ሥጋው የጠነከረ “ፈርጣማ” ነው። ሥጋ የሞላው፣ አጥንቱ የማይታይ “ሞላ ያለ” ይባላል፤ የጠፋ ሰው ሲፈለግ በሚወጣ ማስታወቂያ ላይ “ቁመቱ መካከለኛ፣ መልኩ ጠየም ያለ፣ ሰውነቱ ሞላ ያለ” የሚለው አገላለጽ የተለመደው ማንንም ስለማይነካ ነው። ለሴት “ደርባባ” የሚል ቃል አለ፤ ሞላ ማለትን ከእርጋታና ከግርማ ጋር ያጣምራል፣ ሙገሳ ነው። ለወጣት ልጅ ግን አይሆንም፤ ዕድሜና ክብር ይፈልጋል።

“ግዙፍ” ቁመትንም ስፋትንም ያጠቃልላል፣ በራሱ ስድብ አይደለም። “ጠብደል” ግን የመንደር ቃል ነው፤ ጠብደል ጎረምሳ ሲባል ግማሽ አድናቆት፣ ግማሽ ስጋት አለበት። “ዘርጣጣ” እና “ቦርጫም” ከስድብ ይቆጠራሉ፤ ልብ ወለድ ውስጥ ገጸ ባሕርይ ለመሳል ካልሆነ በቀር አትጠቀሙባቸው። ሆዱ ገፋ ያለን ሰው “ቦርጭ አውጥቷል” ማለት “ቦርጫም” ከማለት ቀለል ይላል፤ የመጀመሪያው ስለ ሁኔታው ይናገራል፣ ሁለተኛው ሰውየውን ራሱን በቦርጩ ይሰይመዋል።

“ደንዳና” ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክንድና አንገት ደንዳና ሊሆን ይችላል፤ ወፍራምም ጠንካራም ማለት ነው። ስለ ልብ ከተነገረ ግን “ልበ ደንዳና” ርኅራኄ የሌለው፣ ምክር የማይገባው ነው። ዓረፍተ ነገሩ ግልጽ ካልሆነ አንባቢ ወደ ሁለተኛው ትርጉም ሊያዘነብል ይችላል።

ለሕፃን “ድንቡሽቡሽ ያለ” እና “ሞንዳላ” አሉ፤ ሁለቱም ፍቅር አለባቸው። የሌላ ሰው ሕፃን ሲያዩ “ወፍራም ነው!” ብሎ መጮኽ ግን በብዙ ቤት አይወደድም፤ ዓይን ያስፈራል። “ያሳድግልሽ” ሳይሉ ማለፍም እንዲሁ።

ከውጭ አገር ለእረፍት ስመጣ ዘመዶቼ “ወፍረሻል!” ይሉኛል። ስድብ ነው?

ከእናታችሁ እኅትና ከጎረቤት እማማ አፍ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ስድብ አይደለም። በእነሱ ዘመን መክሳት የችግር ምልክት ነበር፤ “ምነው ከሳሽ?” ጭንቀት ነው፣ “ወፍረሻል” ደግሞ “ተመችቶሻል፣ እግዜር ይመስገን” ማለት ነው። አራስ ጠያቂም ገንፎውና አጥሚቱ ለእናቲቱ መስማማቱን የሚገልጸው “ወፈር ብለሻል” ብሎ ነው።

አሁን ያለው የከተማ ወጣት ግን ቃሉን የሚሰማው በሌላ ጆሮ ነው። ጂም የሚሄድ እኩያችሁ “ወፍረሃል” ካለ ምናልባት የተናገረው እናንተ የተረዳችሁትን ነው። ለመመለስ የሚቸግራችሁ ከሆነ “ተመችቶኝ ነው” የሚለው መልስ ሁለቱንም ወገን ያስማማል። እኔ በበኩሌ ለታላቅም ለታናሽም “አምሮብሃል” ወይም “አምሮብሻል” ብዬ አልፋለሁ።

በጤና ጽሑፍ ላይ የትኛውን ልጠቀም?

“ውፍረት” ብቻውን አሻሚ ነው፤ የግድግዳም የሰውም ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚጠቀምበት የሰውነት ክብደትና ቁመት ምጣኔ (BMI) 25 እና ከዚያ በላይ ሲሆን “ከመጠን ያለፈ ክብደት”፣ 30 እና ከዚያ በላይ ሲሆን “ከልክ ያለፈ ውፍረት” ብሎ መለየት ጥሩ ነው። ሁለቱን እያቀያየሩ መጻፍ ሕመምተኛን ያሳስታል። ታካሚን ፊት ለፊት ሲያናግሩ ደግሞ “ወፍራም ስለሆኑ” ከማለት “ክብደትዎ ጨመር ስላለ” ማለት ይቀላል፤ ለመቀነስ ምክር የሚሰጥ ሰው በቅድሚያ እንዲሰማ ይፈልጋልና።

ለከብትስ?

“ወፍራም በሬ” የሚል ነጋዴ የለም። በሬው ድልብ ወይም የሰባ ነው፤ ተኮላሽቶ የደለበ በግ ወይም ፍየል ደግሞ ሙክት ነው። ሥራው ራሱ ማድለብ ይባላል። ይህን ቃል ወደ ሰው ማዛወር፣ “ደልቧል” ማለት፣ ሽሙጥ ነው፤ በተለይ በሰው ገንዘብ የከበረን ሰው ለመንካት ይነገራል።

ወጥ፣ ሊጥ፣ ቡና… ማዕድ ቤት ውስጥ የትኛው ቃል የት ይገባል?

ማዕድ ቤት ከሁሉም ቦታ ይልቅ ልኩን በትክክል ይናገራል፤ ምክንያቱም ቃሉ ትእዛዝ ነው፣ ከተሳሳተ ምሳው ይበላሻል።

ለወጥና ለሽሮ “ወፈር ያለ” እና “ቀጠን ያለ” የተለመዱ ናቸው። ከወፈረ “አቅጥኚው”፣ ከቀጠነ “ወፈር እስኪል ይብሰል”። ምግብ ቤት ግን ለዚሁ ልዩነት የራሱን ስም አውጥቶለታል፦ ቀጠን ያለው ሽሮ ፈሰስ፣ ወፈር ብሎ በሸክላ እየተንተከተከ የሚቀርበው ተጋቢኖ ይባላል። የምግብ ዝርዝር የምትጽፉ ከሆነ “ወፍራም ሽሮ” ብላችሁ አትጻፉ፤ ተመጋቢው “ተጋቢኖ ማለት ነው?” ብሎ ይጠይቃል።

ሊጥ ሁለት ዓይነት ነው። የእንጀራ ሊጥ ፈሳሽ ስለሆነ ይወፍራል፣ ይቀጥናል። የዳቦ ሊጥ ግን ይጠነክራል፣ ይላላል፤ “ላላ ያለ ሊጥ”፣ “ጠንከር ያለ ሊጥ” እንጂ “ቀጭን የዳቦ ሊጥ” አይባልም። ገንፎም ከዚሁ ወገን ነው፦ ጠንከር ያለ ወይም ለስለስ ያለ። አጥሚት ግን ተጠጥቶ ስለሚያልቅ ወደ መጀመሪያው ወገን ይመለሳል።

ምጣድ ላይ ከወጣ በኋላ ደግሞ እንጀራው የተነጠፈ ነገር ሆኗልና ቃሉ ይለወጣል፤ ሊጡ ቀጭን ነበር፣ እንጀራው ስስ ሆነ። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ማስቀመጥ ይቻላል፦ “ሊጡ ስለቀጠነ እንጀራው ሳሳ።” ይህን ያለ ማሰብ የምትል አክስት ሁሉ ከሰዋስው መምህር ትበልጣለች። ከዳቦ ወገን ድፎ ወፍራሙ፣ ቂጣ ስሱ ነው፤ ስማቸው ውፍረታቸውን ስለሚናገር ቅጽል አይፈልጉም።

ቡናን በተመለከተ፣ አቦል ወፍራም ነው፤ ቶናና በረካ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። እዚህ “ወፍራም” የሚናገረው ስለ ጣዕሙና ስለ ጉልበቱ እንጂ ስለ አፈሳሰሱ ብቻ አይደለም። ሻይም እንዲሁ ነው። ያልተጣራ ጠላ ደግሞ ጉሽ ይባላል፣ “ወፍራም ጠላ” አይባልም። እርጎ ከረጋ “የረጋ” ነው፤ በፋብሪካ እርጎ ማስታወቂያ ላይ የሚታየው “ወፍራም እርጎ” ትርጉም ይመስላል።

ልብስና ሸማ ላይስ?

ነጠላ፣ ጋቢ፣ ቡሉኮ፤ እነዚህ ስሞች ራሳቸው የውፍረት ደረጃ ናቸው። ነጠላ ብዙውን ጊዜ ሁለት እጥፍ ሆኖ ይሰፋል፣ ጋቢ አራት እጥፍ፤ ቡሉኮ ከጋቢም ወፈርና ከበድ ይላል። ስለዚህ “ወፍራም ነጠላ” የሚል ሰው ምናልባት ጋቢ አይቷል። በአንድ ዓይነት ውስጥ ለማነጻጸር ግን “ሳሳ ያለ ጋቢ”፣ “ወፈር ያለ ጋቢ” ማለት ትክክል ነው።

ሽመናው ሲታይ ሌላ ቃል ይመጣል። ድርና ማጉ ተጠጋግቶ ከተመታ “ጠበቅ ያለ”፣ ካልሆነ “የላላ” ነው። ስስ ሆኖ ጠበቅ ያለ፣ ወፍራም ሆኖ የላላ ሸማ አለ፤ ገዢ ሁለቱን ካላወቀ ይታለላል። ፈትሉ ሲታይ ደግሞ ክብሩ ይገለበጣል፦ ቀጭን ፈትል የባለሙያ ፈታይ ምልክት ነው፣ ወፍራም ፈትል ግን ነቀፋ ነው።

ለቤት ሥራ ዕቃ ስገዛ “ወፈር ያለ” ብል ይበቃል?

አይበቃም፤ ሻጩ ይጠይቃችኋል። ባሕር ዛፍ ለመግዛት ከሄዳችሁ ቀጭኑ ማገር፣ ግድግዳ የሚሸከመው ወፍራሙ ቋሚ፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ወራጅ፣ ረጅሙ አጣና ነው። “ቋሚ ፈልጌ ነበር፣ ወፈር ወፈር ያሉትን ምረጥልኝ” ይባላል።

ፋብሪካ ያወጣው ዕቃ በቁጥር ይጠራል፣ ቁጥሩ ግን ወጥመድ አለበት። ፌሮ በሚሊ ሜትር ስለሚለካ ባለ 16 ከባለ 8 ይወፍራል። ብሎኬትም ባለ 10፣ ባለ 15፣ ባለ 20 ሲባል ቁጥሩ የስፋቱ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሲያድግ ይወፍራል። ቆርቆሮ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጌጁ፣ ማለትም የውፍረት መለያ ቁጥሩ፣ 28፣ 30፣ 32፣ 35 እያለ በሄደ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። በፌሮ ልማድ “ቁጥሩ ከፍ ያለውን ስጠኝ” ብሎ ባለ 35 ቆርቆሮ ገዝቶ የሚሄድ ሰው በረዶ የጣለ ቀን ያውቀዋል። ደኅናው መንገድ ቃሉንም ቁጥሩንም መናገር ነው፦ “ወፈር ያለውን፣ ባለ 28ቱን።”

ለማሰሪያ ከሆነ ክር፣ ሲባጎ፣ ገመድ በቅደም ተከተል ይወፍራሉ። ቢላ ላይ ደግሞ የሚቆርጠው ጠርዝ ስለት፣ ከጀርባው ያለው ወፍራሙ ክፍል ደንደስ ነው፤ “የቢላው ወፍራም ጎን” ብሎ መዞር አያስፈልግም።

“ግዙፍ” እና “ከባድ” ይለያያሉ?

በደንብ! ግዝፈት የሚይዘው ቦታ ነው፣ ክብደት በሚዛን የሚታወቀው። የጥጥ ፍራሽ ግዙፍ ሆኖ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ወፍጮ ድንጋይ ደግሞ ትንሽ ሆኖ ወገብ ይሰብራል።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ዕቃ በአውሮፕላን የሚልክ ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል። በአየር ጭነት በተለመደው ስሌት የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6000 ይካፈላል፤ ፈጣን መልእክት አድራሾች ብዙ ጊዜ ለ5000 ያካፍላሉ። ውጤቱ ከሚዛኑ ኪሎ ከበለጠ የሚከፈለው በውጤቱ ነው። 60 በ50 በ40 የሆነ ካርቶን ሲባዛ 120,000 ይመጣል፤ ለ6000 ሲካፈል 20 ኪሎ ነው። ውስጡ 8 ኪሎ ብርድ ልብስ ቢኖርም የምትከፍሉት የ20 ኪሎ ነው። በእንደዚህ ያለ ጽሑፍ ላይ “ከባድ ዕቃ” ብሎ “ቦታ የሚይዝ ዕቃ”ን መተርጎም ላኪውን ያሳስተዋል።

“ግዙፍ” ከቤተ ክህነት የመጣ ሌላ ፊትም አለው። እዚያ ተቃራኒው “ቀጭን” ሳይሆን “ረቂቅ” ነው፤ የሚዳሰሰው ሥጋ ግዙፍ ነው፣ ነፍስና መላእክት ረቂቅ። በዚህ አገባብ ግዙፍ ትልቅ ማለት አይደለም፤ አንዲት አሸዋም ግዙፍ ናት። ጋዜጣ ላይ ግዙፍ ኩባንያ፣ ግዙፍ ፕሮጀክት ሲባል የምናውቀው ትርጉም ከዚህ ይለያል።

ደን፣ ጉም፣ ጭስ፣ ጨለማ?

ደን፣ ጉምና ጭስ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ ጨለማ ድቅድቅ ነው። “ወፍራም ጭስ” እና “ወፍራም ደን” የትርጉም ሥራ ቅሪቶች ናቸው። ፀጉርም ሲበዛ ጥቅጥቅ ይላል። “ቆዳው ወፍራም ነው” ብሎ ነቀፋ የማይሰማውን ሰው መግለጽም እንዲሁ አማርኛ አይደለም፤ ይሉኝታ ያጣውን ከሆነ “ዓይኑን በጨው ያጠበ” እንላለን።

ስለ ድምፅና ስለ ፊደልስ?

ድምፅ ወፍራምና ቀጭን ይሆናል፣ ሳሳ አይባልም። “ጎርናና” ከወፍራም ይለያል፤ ሻካራነት አለበት።

በፊደል በኩል “ጎላ ያለ” ወይም “ደመቅ ያለ ጽሑፍ” ከ“ወፍራም ጽሑፍ” ይመረጣል። የብራና ጸሐፊዎችም ትልቁንና ደልደል ያለውን አጻጻፍ ጉልሕ፣ ደቃቁን ረቂቅ ይሉታል። ኮምፒውተር ላይ ሌላ ችግር አለ፦ ብዙ የግእዝ ፊደል ቅርጾች የራሳቸው ጎላ ያለ ዓይነት የላቸውም። ፕሮግራሙ ከላዩ ቀለም ጨምሮ ሲያወፍራቸው የ“ወ”ና የ“ዐ” ቀዳዳ ይደፈናል፣ በትንሽ መጠን አይነበቡም። ርእስ ለማጉላት መጠኑን ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ብዙ ነገሮችን ስገልጽ “ወፋፍራም” ልበል ወይስ “ወፈር ወፈር ያሉ”?

“ወፋፍራም” ሁሉም ወፍራም መሆናቸውን ይናገራል። “ወፈር ወፈር ያሉ” ግን ከብዙ መካከል ለመምረጥ የተመቸ ነው፤ ከክምሩ ውስጥ እነዚያን ለይ ማለት ነው። “ወፍራሞች” ቅጽል ሳይሆን ስም ይሆናል፣ ስለ ሰዎች ይመስላል፤ ለእንጨት አትጠቀሙበት።

በመዝገበ ቃላት የት ልፈልግ?

“ወፈር ያለ”ን በ“ወፈረ” ሥር፣ “ሳሳ ያለ”ን በ“ሳሳ” ሥር። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) በአበገደ ተራ የተደረደረ ስለሆነ ሀለሐመ ብቻ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ይጠፋበታል፤ በዚያ ተራ “ወ” ስድስተኛ ናት፣ ከፊት በኩል ፈልጉ። እንግሊዝኛ ለሚችሉ የቶማስ ሌይፐር ኬን የአማርኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሁለት ጥራዝ ታትሟል። ሁለቱም ዳጎስ ያሉ ናቸውና ለቦርሳ አይመቹም።